ለከተማችን ጤና ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፦ የፊዚዮቴራፒ ረዳቶቻችን እነማን እንደሆኑ ያሳውቁን

ክቡር ሆይ፣

ስትሮክ የመታው ሰው ከሆስፒታል ሲወጣ የሚሰጠው ወረቀት «ፊዚዮቴራፒ ይቀጥል»፣ ማለትም የሰውነት እንቅስቃሴን በልምምድ የሚመልሰው ሕክምና ይቀጥል፣ ይላል። የት እና ከማን ዘንድ እንደሚቀጥል ግን አይናገርም። እንደ እኛ ባለች ትንሽ ከተማ ፊዚዮቴራፒስት ቢገኝ አንድ ነው፤ እሱም ብዙ ጊዜ ከሌላ ከተማ እየተመላለሰ የሚያክም ነው። የዕለት ተዕለቱ ሥራ የሚወድቀው በረዳቱ ላይ ነው። ቤተሰብ ይህን ረዳት የሚፈልገው በወሬ ነው፤ ማሳጅ ከሚሠራውና ከወጌሻው ለይቶ የሚያውቅበት መንገድም የለውም። ይህን ፍለጋ ማሳጠር በእርስዎ ጽሕፈት ቤት እጅ ስለሆነ ነው የምጽፍልዎ።

ፊዚዮቴራፒስቱ በሽተኛውን መርምሮ የሕክምናውን ዕቅድ ያወጣል፤ ረዳቱ ዕቅዱን ከበሽተኛው ጋር ይሠራዋል። ሥራው ቀላል እንዳይመስልዎ። ከወንበር መነሳትን ብቻ እንውሰድ። ጥሩ ረዳት በበሽተኛው ወገብ ላይ ሰፊ ቀበቶ ያስርና በደከመው ጎን በኩል ትንሽ ወደ ኋላ ብሎ ይቆማል። እግሮቹን ወደ ወንበሩ ያስጠጋለታል፤ ደረቱን ወደ ፊት አዘንብሎ እንዲነሳ ይነግረዋል። ክንዱን ይዞ አይጎትተውም፤ በስትሮክ የዛለ ትከሻ ሲጎተት ከመጋጠሚያው ሊንሸራተት ይችላልና። እኛ ቤተሰቦች ግን በፍቅር ተነሳስተን የምናደርገው ይህንኑ ነው፤ የሚያስተምረን ስለሌለ።

ጉልበቱን በቀዶ ሕክምና ያስቀየረ ሰውም እንዲሁ ነው። ረዳቱ የጉልበቱን መታጠፍ በመለኪያ ለክቶ ይመዘግባል፤ 90 ዲግሪ ገደማ ካልደረሰ ከወንበር መነሳት እንኳ ይከብዳል። የበሽተኛው ባት አብጦ፣ ሞቆና ሕመም ኖሮት ካገኘው ደግሞ የደም መርጋት ሊሆን ስለሚችል ልምምዱን አቁሞ ወዲያውኑ ለባለሙያ ያሳውቃል።

የረዳቱ ወሰንም ሊታወቅ ይገባል። በሽታ አይለይም፤ ዕቅዱን በራሱ አይለውጥም፤ ሕክምናው አብቅቷል ብሎ በሽተኛ አያሰናብትም። ሥልጠናው ከአገር አገር ይለያያል፤ ለምሳሌ በአሜሪካ ዛሬ ረዳት ለመሆን ዕውቅና ባለው ኮሌጅ የሁለት ዓመት ትምህርት መጨረስ፣ አገር አቀፍ ፈተና ማለፍና ፈቃድ ማውጣት ግድ ነው። ሌላ ቦታ ሥልጠናው አጭር ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በእኛ ከተማ ማን ምን እንደተማረ የማወቅ መብት አለን።

የምጠይቅዎ በጤና ጣቢያው ሰሌዳ ላይ የሚለጠፍ አንድ ገጽ ዝርዝር ነው፦ የረዳቱ ስም፣ ሥልጠናው፣ ፈቃዱ፣ የሚሠራበት ቦታ፣ ቤት ለቤት የሚሄድ መሆን አለመሆኑ። አጥብቄ የምለምንዎ ግን የሚቆጣጠረው ፊዚዮቴራፒስት ስም አብሮ እንዲሰፍር ነው። ተቆጣጣሪ የሌለው ረዳት እንዳለ በዚያ ይታወቃል፤ መታወቅም አለበት። ለረዳቶቹም ይጠቅማቸዋል። አንዲት ረዳት ቤተሰብ «ልምምዱን ጨምሪለት» ብሎ ሲያስጨንቃት፣ ለማን ደውላ እንደምታማክር የታወቀ ከሆነ እምቢ ለማለት አቅም ታገኛለች። ባለሙያው በማይኖርባቸው ቀናት ይህ ምክክር በስልክ የሚደረግበትን ሰዓት ጽሕፈት ቤትዎ ቢወስን ደግሞ የበለጠ ነው።

ጉዳዩ የጥቂት ቤተሰቦች ብቻ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ፊዚዮቴራፒን ከሚያካትተው የተሐድሶ ሕክምና ሊጠቀሙ የሚችሉ ሰዎች በዓለም ላይ 2.4 ቢሊዮን ገደማ ናቸው። በ2023 እ.ኤ.አ. የዓለም ጤና ጉባኤ አገሮች ይህን አገልግሎት በጤና ሥርዓታቸው ውስጥ እንዲያጠናክሩ የሚጠይቅ ውሳኔ አሳልፏል። አንድ ገጽ ዝርዝር ለመለጠፍ ግን አዲስ በጀትም አዲስ ሕንጻም አያስፈልግም። ዝርዝሩ መቼ እንደሚወጣ በዚያው ሰሌዳ ላይ እንዲያሳውቁን በትሕትና እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የከተማው ነዋሪ