ደብዳቤ ለልጄ፦ ፎርማት ከማድረግሽ በፊት ራሙን ፈትኚ

ይድረስ ለልጄ፣ ኮምቦልቻ

ለጤናሽ እንደምን አለሽ? እኛ ደህና ነን፤ ደሴም እንደ ልማዷ ጉሟን ለብሳለች።

ስለ ኮምፒውተርሽ የጻፍሽውን አነበብኩት። ሰማያዊው ስክሪን አንዴ «ሚሞሪ ማኔጅመንት»፣ ሌላ ጊዜ «ፔጅ ፎልት ኢን ነንፔጅድ ኤሪያ» ይላል፤ ብሮውዘሩ በራሱ ይዘጋል፤ ያወረድሽው ዚፕ ዛሬ ተበላሽቷል ተብሎ ነገ ይከፈታል። ይኼ ሁሉ ሲደማመር የሚጠረጠረው ራም፣ ማለትም ኮምፒውተሩ የሚሠራበትን ነገር ለጊዜው የሚይዝበት ሚሞሪ ነው። የሶፍትዌር ችግር ብዙውን ጊዜ አንድ ቦታ እየመረጠ ይወድቃል። ራም ግን በየጊዜው መልኩን ይቀያይራል።

ጓደኞችሽ ፎርማት አድርጊው ማለታቸው አይገርመኝም፤ እዚህ ፒያሳም ብትሄጂ መጀመሪያ የምትሰሚው እሱኑ ነው። አሁን ግን እንዳታደርጊው። ዊንዶውስ ሲጫን እያንዳንዱ ፋይል በራም አልፎ ነው ዲስክ ላይ የሚጻፈው። ራሙ ቢት የሚገለብጥ (ዜሮውን አንድ፣ አንዱን ዜሮ የሚያደርግ) ከሆነ አዲሱ ዊንዶውስም ከመነሻው የተበላሸ ይሆናል። በዚሁ ምክንያት የመመረቂያ ሥራሽን ለጊዜው በዚህ ማሽን አትክፈቺው፤ ሴቭ ባደረግሽ ቁጥር የተበላሸው ደህናውን ሊተካው ይችላል። ፍላሽ ላይ ያለውን ኮፒም አትንኪው።

በመጀመሪያ ራሞቹን ነቅለሽ መልሰሽ ክተቻቸው። ኮምፒውተሩ በሚኒባስ ሐረጎን ሲወርድ ኬዙ ቆሞ ተጭኖ ከነበረ፣ በዚያ ሁሉ መጠማዘዝ ከባዱ ኩለር (የፕሮሰሰሩ ማቀዝቀዣ) ማዘርቦርዱን (ሁሉም ዕቃ የሚሰካበትን ሰሌዳ) ሲጎትተው ነው የመጣው። ለወደፊቱ ማዘርቦርዱ ወደ ላይ እንዲያይ ኬዙን በጎኑ አስተኝተሽ ጫኚው። አሁን አጥፊው፣ የኤሌክትሪክ ገመዱን ንቀዪ፣ ከዚያ ውስጡ የቀረው ኃይል እንዲያልቅ የፓወር ቁልፉን አሥር ሰከንድ ያህል ተጭነሽ ያዢ። የሱፍ ሹራብሽን አውልቂ፣ ምንጣፍ ላይ ሳይሆን ሲሚንቶ ወለል ላይ ሥሪ፣ እጅሽንም ቀለም ባልተቀባው የኬዙ ብረት ላይ አሳርፊ። በበጋው ደረቅ አየር የማይታይሽ ስታቲክ አንድ ቺፕ ለመግደል ይበቃዋል።

የስሎቱን (ራሙ የሚሰካበትን ቦታ) መቆለፊያ ክፈቺ። አንዳንድ ማዘርቦርድ የሚከፈት መቆለፊያ ያለው በአንድ ጫፍ ብቻ ነው፤ ሌላውን በግድ እንዳትሰብሪው። ራሞቹን በጠርዛቸው ይዘሽ አውጪና ፕላስተር ለጥፈሽ 1 እና 2 ብለሽ ጻፊባቸው፤ ይህን ካላደረግሽ ኋላ የትኛው የትኛው እንደነበር ይጠፋሻል። ወርቃማ ጥርሳቸውን በአልኮልና ክር በማይለቅ ጨርቅ ጥረጊ። ፋርማሲ የሚሸጠው 70 በመቶውም ይሠራል፤ ውሃ ስላለበት ግን በደንብ ይድረቅ። ሱቆች በላጲስ ሲፈትጉ አይተሽ ይሆናል። ነጭና ለስላሳ ከሆነ ቀስ ብሎ ማሸት አይከፋም፤ የእስክሪብቶው አሸዋማ ላጲስ ግን ወርቁን ይልጠዋል። አረቄም አይሆንም፣ የሚተርፍ ካለ ለእንግዳ አስቀምጪው።

ስትመልሺ ሁለት ራም ካለሽና ስሎቱ አራት ከሆነ ከፕሮሰሰሩ ሲቆጠር ሁለተኛውና አራተኛው ላይ ይግቡ፤ ቦርዱ ላይ ኤ2 እና ቢ2 ተብለው ነው የሚጻፉት። የራሙን ቀዳዳ ከስሎቱ ጉብታ ጋር አጋጥመሽ ሁለቱንም ጫፍ በአውራ ጣትሽ ቀጭ እስኪል ተጫኚ። የሚፈልገው ጉልበት ከምታስቢው ይበልጣል። ስትከፍቺው ምስል ካልመጣና ማዘርቦርዱ ላይ ዲራም የሚለው መብራት ከበራ ጥቂት ደቂቃ ታገሺው፤ ዲዲአር5 የሚባለው የራም ዓይነት በተለይ ራሙን እስኪለማመድ ይዘገያል። ካልሆነ ገመዱን ነቅለሽ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችውን ክብ የሲአር2032 ባትሪ አምስት ደቂቃ ያህል አውጪና መልሻት፤ ባዮሱ (ከዊንዶውስ በፊት የሚነሳው የማዘርቦርዱ ማስተካከያ) ወደ መጀመሪያ ሁኔታው ይመለሳል።

ቀጥሎ ባዮስ ግቢና ኤክስኤምፒን (ራሙን ካርቶኑ ላይ በተጻፈው ፍጥነት የሚያስኬደውን ቅንብር) አጥፊ። ብዙ ሰው የሚዘለው እዚህ ጋ ነው። ካርቶኑ ላይ 3200 የሚል ዲዲአር4 ብዙ ጊዜ 3200 የሚደርሰው ኤክስኤምፒ ሲበራና ቮልቴጁ ከ1.2 ወደ 1.35 ሲወጣ ነው፤ ሲጠፋ 2133፣ 2400 ወይም 2666 ላይ ይሠራል። የራሙ ተቆጣጣሪ ያለው ፕሮሰሰሩ ውስጥ ስለሆነ ፍጥነቱ ለራሙ ቢመችም ለፕሮሰሰሩ ላይመች ይችላል። ኤክስኤምፒ ሲጠፋ ስህተቱ ከጠፋ ችግሩ ምናልባት የፍጥነቱ እንጂ የራሙ መበላሸት አይደለም፤ ኤክስኤምፒን መልሰሽ አብርተሽ ፍጥነቱን ዝቅ አድርገሽ በ3000 ሞክሪው። በጨዋታም በሥራም ልዩነቱን አታስተውይውም።

ለፍተሻው ሜምቴስት86 ፕላስ የሚባለውን የራም መፈተሻ ፕሮግራም ከጓደኛሽ ኮምፒውተር ላይ በሌላ ፍላሽ ጫኚ። ፍላሹ ይደመሰሳልና የመመረቂያ ሥራሽ ያለበት እንዳይሆን! ኮምፒውተርሽ በፍላሹ ካልነሳልሽ ባዮስ ውስጥ ሴኪዩር ቡትን (ያልታወቀ ፕሮግራም እንዳይነሳ የሚከለክለውን) ለጊዜው ማጥፋት ያስፈልግ ይሆናል፤ ዲስኩን የሚቆልፈው ቢትሎከር በርቶ ከሆነ ግን አስቀድመሽ የመክፈቻ ቁልፉን ወረቀት ላይ ገልብጪ፣ አለዚያ ዊንዶውስ ደጅ ያስጠናሻል። የዊንዶውስ የራሱ ሚሞሪ ዲያግኖስቲክ ስህተት አገኘሁ ካለሽ እመኚው፤ ምንም የለም ካለሽ ግን አትመኚው።

አንድ ራም ብቻ ኤ2 ላይ አድርገሽ ማታ ጀምሪውና ይደር። ቢያንስ አራት ዙር ይጨርስ። መብራት ከሄደ ከዜሮ ይጀምራል፣ ስለዚህ አንድ አንዱን መፈተሽ በዚህም ይጠቅምሻል። አንድ ቀይ መስመር እንኳ ከመጣ ራሙ ወድቋል፤ ጥቂት ስህተት ምንም አይደለም የሚባል ነገር የለም። ከዚያ ሁለተኛውን እዚያው ኤ2 ላይ ፈትኚ። ስሎቱንም ራሙንም በአንድ ጊዜ እንዳትቀይሪ፤ ከቀየርሽ ውጤቱ ምንም አይነግርሽም።

አንዱ ወድቆ ሌላው ካለፈ ጥፋተኛው ታወቀ። ስህተቱ በየዙሩ እዚያው አድራሻ ላይ ከሆነ ቺፑ ነው፤ ማጽዳት አያድነውም። ሁለቱም ኤ2 ላይ ካለፉ ቢ2 ላይም ፈትኚያቸው፤ እዚያ ከወደቁ ስሎቱን ብቻ አትወንጅዪ፦ የኩለሩ ብሎኖች እኩል ካልጠበቁ ፕሮሰሰሩ በአንድ በኩል ይነሳና የዚያ በኩል ራም ይጠፋል ወይም ይሳሳታል። ዊንዶውስ 16 ጊጋ አለ ብሎ 8 ብቻ ይሠራል ሲልሽም ከሚጠረጠሩት አንዱ ይኼው ነው። (15.9 ቢልሽ ጤነኛ ነው።) ኩለሩን ፈትተሽ ብሎኖቹን በመስቀል ቅርጽ ጥቂት በጥቂት አጥብቂ፤ በፕሮሰሰሩና በኩለሩ መካከል ያለውን ፓስታም አዲስ ቀቢ። ሁለቱም ራም በሁሉም ስሎት፣ በየዙሩ በተለያየ አድራሻ ከወደቁ ደግሞ ራም ከመግዛትሽ በፊት ፓወር ሰፕላዩን (ኤሌክትሪኩን የሚያከፋፍለውን ሳጥን) በተዋስሽው ቀይሪና ድገሚው። ሁለት ራም አንድ ላይ መበላሸቱ እምብዛም አያጋጥምም።

መግዛት ከመጣ የተበላሸውን ይዘሽ ሂጂ። ዲዲአር3፣ ዲዲአር4 እና ዲዲአር5 ቀዳዳቸው ስለሚለያይ አንዱ ሌላው ውስጥ አይገባም፤ የላፕቶፕም አጭር ነው። ያገለገለ ከሆነ ተለጣፊውን አትመኚ፣ ሲፒዩ-ዚ በሚባለው ፕሮግራም የኤስፒዲ ገጽ ላይ እውነተኛውን መጠንና ፍጥነት እይ፤ ከመክፈልሽም በፊት አንድ ሌሊት ፈትነሽ መመለስ እንደምትችዪ ተነጋገሪ። ከሌላ ፋብሪካ ራም ጋር ካጣመርሽው ሁለቱም በቀርፋፋው ፍጥነት ይሄዳሉ፣ ኤክስኤምፒም ላይሠራ ይችላል። ዋስትና ካለሽና በጥንድ የተገዛ ከሆነ ጤነኛውንም ጨምረው ሊጠይቁሽ ስለሚችሉ ካርቶኑን አትጣይ። እስከዚያው በአንዱ ጤነኛ 8 ጊጋ ሥሪ።

ራሙ ካለፈ በኋላ ኮማንድ ፕሮምፕትን እንደ አድሚኒስትሬተር ከፍተሽ sfc /scannow የሚለውን ትዕዛዝ ስጪው፤ እስካሁን የተበላሹትን የዊንዶውስ ፋይሎች ይተካል። ፎርማት የሚመጣው ይህም ካልበቃ ነው።

ቀይ መስመር ሲወጣ ስክሪኑን በስልክሽ አንሺና ላኪልኝ፤ አድራሻውና የፈተናው ቁጥር በግልጽ ይነበብ።

አባትሽ፣ ደሴ