ስላይዱ ሲቆም፣ ሞተር ከመግዛት በፊት ማሳውን (ግራውንዱን) ለኩ

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፤

ለጁላይ 4 ሰሞኑ የኢትዮጵያውያን የእግር ኳስ ውድድርም ሆነ ለሌላ ረጅም ጉዞ ሞተር ሆም (መኖሪያ ክፍል ያለው መኪና) ለመከራየት ወይም ያገለገለ ለመግዛት የሚያስቡ አንባቢዎች ስላሏችሁ ይህን ጽሑፍ እንድታደርሱልን እንጠይቃለን። ጉዳዩ መኪናው ሲቆም ወደ ጎን ወጥቶ ሳሎኑን ወይም መኝታውን የሚያሰፋው ክፍል፣ ማለትም ስላይዱ ነው። ስዊቹን ሲጫኑት ዝም ይላል፤ ወይም ግማሽ መንገድ ሄዶ ይቆማል፤ ወይም ወጥቶ አልገባም ይላል። ጋራዥ ሲደርሱ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚሰማው «ሞተሩ ተቃጥሏል» የሚል ነው። በእኛ እምነት ሞተሩ መጠርጠር ያለበት መጨረሻ ላይ ነው።

ስላይድ የሚሠራው በ12 ቮልት ነው። በሃይድሮሊክ የሚገፋውም ቢሆን ፓምፑን የሚያዞረው ያው 12 ቮልት ነው። ካምፑ ላይ የ120 ቮልቱን ገመድ ስለሰካ ባትሪው የማያሳስበው ሰው ይሳሳታል። 120ውን ወደ 12 ቮልት የሚቀይረው ኮንቨርተር ባትሪ ይሞላል፣ መብራት ያበራል፤ ስላይዱ ሲነሳ በአንዴ የሚጠይቀውን አምፒር በዋናነት የሚሸከመው ግን ባትሪው ነው። ስለዚህ ገመዱን ነቅላችሁ፣ ባትሪውን ሁለት ሰዓት ያህል አሳርፋችሁ ለኩ። ሙሉ የአሲድ ባትሪ 12.6 ወይም 12.7 ያሳያል፤ 12.2 ግማሽ ገደማ ነው፤ 12.0 ከሆነ ሊያልቅ ተቃርቧል። ይህ ልኬት ብቻውን ግን ያታልላል፤ ያረጀ ባትሪ ሥራ ሲፈታ 12.6 እያሳየ ጭነት ሲመጣበት ይወድቃል። ቴስተሩ (ቮልት መለኪያው) ባትሪው ላይ እንዳለ ሌላ ሰው ስዊቹን ይጫን። ቁጥሩ ከ11 በታች ከወረደ ሌላ ፍለጋ አትጀምሩ፤ መጀመሪያ ባትሪው ይሞላ ወይም ይቀየር።

ባትሪው ደህና ሆኖ የስላይዱ ሞተር ድምፅ ጭራሽ ካልተሰማ፣ ምናልባት የተበላሸ ነገር የለም። ብዙ ሞተር ሆሞች ፍሬናማኖው ካልተያዘ፣ ወይም የመኪናው ቁልፍ ፋብሪካው በወሰነው ቦታ ላይ ካልሆነ ስላይዱን አያንቀሳቅሱም። አንዳንዱ የመኪናው ሞተር እንዲነሳ ይፈልጋል፤ አንዳንዱ ደግሞ ቁልፉ እንዲጠፋ ይፈልጋል፤ የመኪናውን መመሪያ ማየት ነው። የቤቱን (የመኖሪያውን ክፍል) ባትሪ የሚያቋርጠው ስዊችም ጠፍቶ ሊሆን ይችላል። ለጉዞ የሚታሰረው የብረት መወጠሪያ ሳይነሳ ስላይዱን ማዘዝ ደግሞ ሞተሩን አስሮ ማስሮጥ ነው።

ከዚያ ፊውዝና ብሬከር። የስላይዱ ብሬከር ብዙ ጊዜ ባትሪው አጠገብ ያለ፣ ሁለት ብሎን የወጣለት፣ ከክብሪት ሳጥን ያነሰ ነገር ነው። ሲግል ይቋረጣል፣ ሲቀዘቅዝ ራሱ ይመለሳል። ስላይዱ ትንሽ ሄዶ ቆሞ ከደቂቃ በኋላ ደግሞ የሚሄድ ከሆነ እሱን ተመልከቱ። ስዊቹ ተጭኖ ሳለ በአንዱ ብሎን 12 ቮልት ኖሮ በሌላው ከሌለ ተቋርጧል። ግን ብሬከር ያለ ምክንያት አይግልም። ከፍ ያለ አምፒር ባለው መተካት ገመዱን ማቃጠል ነው።

ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። እኛ ከአገር ቤት ይዘነው የመጣነውን «ማሳ»፣ ማለትም ኤሌክትሪኩ በሻሲው በኩል ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ የሚመለስበትን ግንኙነት፣ አሜሪካኖቹ ግራውንድ ይሉታል። የስላይዱ ማሳ ከወለሉ ሥር ሻሲው ላይ በአንድ ብሎን ታስሮ፣ ክረምት መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው እየተረጨበት ይኖራል። ላዩ ደህና ይመስላል፤ ዳዶውን ሲፈቱት ግን የኬብሉ ቀለበት ሥር አረንጓዴና ነጭ ዱቄት ይገኛል። ይህን ቴስት ላምፕ አያሳያችሁም፤ ጭነት በሌለበት አንዲት ክር ሽቦ ብቻ የቀረችው ኬብል እንኳ ሙሉ 12 ቮልት ታሳያለች። መለካት ያለበት ስላይዱ እየገፋ ሳለ ነው። ባትሪው ላይ 12.3፣ ሞተሩ ሶኬት ላይ 9.4 ካገኛችሁ 2.9 ቮልት መንገድ ላይ ቀርቷል ማለት ነው።

የት እንደቀረ ለማወቅ የቴስተሩን አንድ ጫፍ የባትሪው ኔጌቲቭ ላይ፣ ሌላውን ሪሌዩ (በስዊቹ ትእዛዝ ኤሌክትሪኩን ወደ ሞተሩ የሚያገናኘው) ወይም መቆጣጠሪያ ሳጥኑ ማሳ የሚያገኝበት ብሎን ላይ አድርጋችሁ ስዊቹን አስጫኑ። ሞተሩ ራሱ ላይ ማሳ አትፈልጉ፤ ስላይዱ ሲወጣና ሲገባ ሁለቱ ሽቦዎቹ ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ ይቀያየራሉ። ንባቡ ከ0.5 ቮልት በላይ ከሆነ ችግሩ ማሳው ነው። በፖዘቲቩም በኩል ከባትሪው ፖዘቲቭ እስከ ሳጥኑ መግቢያ እንዲሁ ይለካል። ጥገናው ርካሽ ነው፤ የባትሪውን ኔጌቲቭ ማውለቅ፣ ዳዶውን መፍታት፣ ቀለበቱንና ሻሲውን በብርጭቆ ወረቀት ብረቱ እስኪያበራ መፈተግ፣ ጥርስ ያለው ሮንዴላ አስገብቶ ማጥበቅ፣ በመጨረሻ ከላይ ግሪስ መቀባት። ቮልት ያነሰው ሞተር ቀስ ብሎ ይዞራል፣ ረጅም ጊዜ ይለፋል፣ ይግላል። አዲስ ሞተር አስገብቶ ማሳውን ያልነካ ሰው አዲሱንም ሊያቃጥለው ነው።

ስላይዱ በአንድ አቅጣጫ እየሠራ በሌላው እምቢ ካለ ሞተሩን እርሱት። የሚያወጣውም የሚያስገባውም ያው አንድ ሞተር ነው፤ የሚገለበጠው ፖላሪቲው ብቻ ነው። ጥፋቱ ስዊቹ፣ ሪሌዩ፣ ወይም ካለው የመጨረሻ ማቆሚያው ስዊች ጋ ነው። ሶኬቱ ላይ ሲለኩ በአንዱ +12፣ በሌላው −12 መምጣት አለበት።

በግራና በቀኝ ግድግዳው ውስጥ ሁለት ሞተር ያለው፣ ሽዊንቴክ የሚባለው ዓይነት ትንሽ ይለያል። መቆጣጠሪያ ሳጥኑ የሁለቱን ሞተሮች ዙር በሴንሰር ይቆጥራል፤ ቆጠራው ሲፋለስ ክፍሉ ተጣሞ ይቆማል። ትልቁ ስህተት ክፍሉ የወጣ ሲመስል ስዊቹን ቶሎ መልቀቅ ነው። ሁለቱም ሞተሮች ራሳቸው እስኪቆሙ ይያዝ፤ 1 ወይም 2 ኢንች አስገብቶ እንደገና እስከ መጨረሻው ማውጣት፤ ሁለቱ እኩል እስኪቆሙ መደጋገም። ሳጥኑ ላይ የቀዩ መብራት ብልጭታ ቁጥር የጥፋቱን ዓይነት፣ የአረንጓዴው የሞተሩን ቁጥር ይናገራል፤ ቀይ 2 ጊዜ የባትሪ ድካም፣ 8 ጊዜ የሴንሰር ምልክት መጥፋት ነው። 8 ሲመጣ ሞተር ከመግዛት በፊት ቀጫጭኖቹን ሽቦዎች ከሶኬታቸው ጀምሮ ፈትሹ፤ የሚበጠሱት ብዙ ጊዜ ከክፍሉ ጋር በሚታጠፉበት ቦታ ነው። በዚህ ዓይነት አንዱን ሞተር ብቻ ከባትሪ በቀጥታ አታዙሩ፤ ክፍሉ ይጣመማል።

መንገድ ላይ ሆናችሁ ስላይዱ አልገባም ካለ መኪናውን አታንቀሳቅሱ። በጥርስና ሐዲድ የሚሄደው ዓይነት ከሥሩ በእጅ ማዞሪያ ይገባል፤ ከዚያ በፊት ሞተሩ ላይ ያለው የፍሬን ዘንግ ይለቀቃል። ክፍሉ እንደገባ ዘንጉን ወደ ቦታው መልሱት፤ ካልተመለሰ ክፍሉ በመታጠፊያ ላይ ራሱ መውጣት ይጀምራል።

የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኞች፣
ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ