መኪናችሁን ይዛችሁ የእሽቅድምድም ትራክ ላይ ከመግባታችሁ በፊት፦ ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

ሰላማችሁ ይብዛ። ሰሞኑን ጋራዡ ውስጥ አንድ ጥያቄ ተደጋግሞብናል። ብዙዎቻችሁ አረብ አገር ወይም አውሮፓ ያለ ወንድም ወይም ልጅ አላችሁ። መኪና ይገዛል፣ ከዚያ "በራሴ መኪና ትራክ ላይ ልነዳ ነው" ብሎ ፎቶ ይልካል። እናንተም ስልኩን ይዛችሁ ትመጡና "ይሄ ነገር መኪናውን አይጎዳውም? በስንት ያልቅለታል?" ትሉናል። ሌሎቻችሁ፣ በተለይ ወጣቶቹ፣ እዚሁ ያለችውን መኪና "ትንሽ አነቃቁልን" ብላችሁ ጠይቃችኋል። ለእያንዳንዱ ቆመን ከምንመልስ ሁሉንም በአንድ ደብዳቤ ብንጽፈው ይሻላል ብለናል።

መልሱን አስቀድመን እንናገር። ትራክ ላይ ለመንዳት የሚከፈለው የመግቢያ ገንዘብ ከወጪው ሁሉ ትንሹ ነው። ዋናው ወጪ መኪናው ላይ ነው የሚያርፈው፣ እሱም የሚመጣው በሙቀት ነው። በዕለቱ ስለማይታይ ማንም አያስበውም። ከሳምንት ወይም ከወር በኋላ ግን ጋራዥ በር ላይ ይታያል።

የጀርመኑን ኑርቡርግሪንግ እንውሰድ። አሮጌው ትራክ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1927 ነው። አንዱ ዙር 20.8 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ለሕዝብ ክፍት በሚሆንባቸው ሰዓታት ታርጋ ያለው መኪና የያዘ ሰው 30 ዩሮ ወይም ትንሽ ከፍ ያለ ከፍሎ አንድ ዙር ይነዳል። ሲሰሙት ርካሽ ነው። ነገር ግን መኪናው ወጥቶ የብረት አጥሩን ከመታ የአጥሩን ማሠሪያ የሚከፍለው ሹፌሩ ነው። በክሬን የማስነሻውም እንደዚሁ ነው። ከሞተሩ ዘይት ፈሶ ከኋላ የሚመጣው ቢንሸራተት ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። በነዚህ ሰዓታት እዚያ የሚሠራው የአገሩ የትራፊክ ሕግ ነው፣ ስለዚህ ጥፋቱም ተጠያቂነቱም እንደማንኛውም መንገድ ነው የሚታየው።

ኢንሹራንሱስ? ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። "ሙሉ ኢንሹራንስ አለኝ" ብሎ ይገባል። የመኪና መድን ውሎች አብዛኞቹ ውድድርንና የፍጥነት ሙከራን ከሽፋን ያወጣሉ። ትራክ ላይ መንዳትን በስሙ ጠቅሰው የሚያወጡም አሉ። ሦስተኛ ወገን ደግሞ ድሮም የሚሸፍነው ሌላው ሰው ላይ የደረሰውን ጉዳት እንጂ የራሳችሁን መኪና አይደለም። ውሉን አውጥታችሁ "የማይሸፈኑ" የሚለውን ክፍል አንብቡት። ውጭ ላለው ዘመዳችሁም ይህንኑ ንገሩት። ከፍሬኑም ከጎማውም በፊት የሚታይ ነገር ይሄ ነው።

አሁን ወደኛ ሥራ እንምጣ፤ ወደ ሙቀቱ። ለዚህ ደግሞ ሁላችሁም የምታውቁት መለኪያ አለን፤ ሐረጎ፣ የደሴና የኮምቦልቻው ቁልቁለት።

ከደሴ ኮምቦልቻ ስንወርድ ከ600 ሜትር በላይ ከፍታ እንጥላለን። 1,200 ኪሎ የሚመዝን መኪና 600 ሜትር ሲወርድ ወደ 7 ሚሊዮን ጁል ጉልበት የሆነ ነገር መጣል አለበት፣ አለዚያ እየፈጠነ ይሄዳል። ያው መኪና ትራክ ላይ ከ160 ወደ 60 ኪሎ ሜትር በሰዓት በፍሬን ሲያዝ 1 ሚሊዮን ጁል ያህል ወደ ሙቀት ይቀየራል። እንግዲህ አስቡት። ሐረጎን ሙሉ በሙሉ መውረድ ማለት ሰባት ጊዜ እንደዚያ መያዝ ማለት ነው። ያውም በሐረጎ ቁልቁለት የተወሰነውን የጎማው መንከባለልና ንፋሱ ይወስዱታል፣ በማርሽ ከወረዳችሁ ደግሞ ሞተሩ ይካፈላል። ጊዜም አለ፤ ግማሽ ሰዓት ያህል እንወርዳለን፣ ፍሬኑም በመሃል ይተነፍሳል። ትራክ ላይ ግን እነዚያ ሰባት ፍሬኖች በሁለት ዙር ያልቃሉ። አምስት ስድስት ኪሎ ሜትር በሆነ ትራክ ሁለት ዙር ማለት ጥቂት ደቂቃ ነው። ከዚያ ሦስተኛው፣ አራተኛው፣ አምስተኛው ዙር ይቀጥላል።

ሐረጎን እግሩን ከፍሬን ሳያነሳ የወረደ መኪና ወደኛ ሲመጣ ገና ከበር ሽታው ይቀድመዋል። ጎማውን ፈትተን የፍሬን ሸራውን ስናወጣ ዲስኩን የሚነካው ፊት መስታወት መስሎ ያብለጨልጫል። ጥፍር ቢያስኬዱበት አይቧጨርም፣ ያንሸራትታል። የዲስኩ ዳር ወደ ሰማያዊነት ያደላል። ፒስተኑን ከአቧራ የሚከላከለው ጎማ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ሹፌሩ ግን "ፍሬኑ ትንሽ ጠንክሮብኛል" ብቻ ነው የሚለው። ትራክ ላይ ይህ ሁሉ በአንድ ከሰዓት ይደርሳል። ለከተማ ተብሎ የተሠራ ሸራ ለዚያ ሙቀት አልተሠራም። ውፍረቱ ቢተርፍ እንኳ መያዙን ያቆማል።

ከሸራው የባሰው ግን የፍሬን ዘይቱ ነው። የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል፤ ክዳኑ ቢዘጋም በጊዜ ብዛት ውሃ ይገባዋል። ዶት 4 የሚባለው ደረጃ ያለው ዘይት አዲስ ሲሆን ቢያንስ 230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እስኪደርስ አይፈላም። እርጥበት ከገባው ግን ደረጃው የሚጠይቀው 155 ዲግሪ ብቻ ነው። ዶት 3 ከሆነ ቁጥሮቹ 205 እና 140 ናቸው። ዘይቱ ሲፈላ አረፋ ይሠራል። አረፋ ይታመቃል፣ ዘይት ግን አይታመቅም። ያን ጊዜ ፔዳሉን ስትረግጡት ወለል ድረስ ይገባል፣ መኪናው ግን መሄዱን ይቀጥላል። ሰው "ፍሬን በጠሰብኝ" ይላል። ብዙ ጊዜ ግን የተበጠሰ ነገር የለም። ዘይቱ ፈልቶ ነው፣ ሲቀዘቅዝ ፔዳሉ ተመልሶ ይቆማል። ሹፌሩም "ዳነ" ብሎ ይቀጥላል፤ ይሄ ነው እኛን እንቅልፍ የሚነሳን። እባካችሁ፣ ትራክ ገባችሁም አልገባችሁም፣ የፍሬን ዘይት በሁለት ዓመት አንዴ ይቀየር። እዚህ እየወረዳችሁና እየወጣችሁ ለምትነዱ ደግሞ ቀደም ቢል ይመረጣል።

ጎማውም ከፍተኛ ወጪ አለው። ጠዋት ንፋሱ 32 የተሞላ ጎማ ትራክ ላይ ሲግል 40 ይነካል። ግፊቱ ሲጨምር መሬት የሚነካው ክፍል ይጠባል፣ ጎማውም መያዝ ይቀንሳል። ኩርባ ላይ ደግሞ የውጭው ትከሻ እየተላጠ ይሄዳል። መሃሉ ገና አዲስ መስሎ ትከሻው ያለቀ ጎማ ለምንም አይሆንም። ዕድሜውንም እዩ። ጎኑ ላይ ካሉት ቁጥሮች የመጨረሻዎቹ አራቱ የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት ይነግሯችኋል፤ 2319 ካለ እ.ኤ.አ. በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ጥርሱ ቢኖርም ያረጀ ጎማ ለፍጥነት አይታመንም።

ሞተሩ ላይ ለኛ አገር ሹፌር ብቻ የሚነገር ነገር አለ። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ናት። እዚያ አየሩ ስስ ስለሆነ ቱርቦ የሌለው ሞተር ወደ አንድ አራተኛ የሚሆን ጉልበቱን ያጣል። ወንድማችሁ እዚህ ነድቶ ያደገ ከሆነና ባሕር ጠለል ላይ ባለ ትራክ፣ ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ2004 በተከፈተው ዱባይ አውቶድሮም ቢገባ፣ በእጁ የማያውቀው ጉልበት ነው የሚያገኘው። ከዚያም በላይ የበረሃው ሙቀት አለ። ራዲያተሩ፣ ዘይቱ፣ ካምቢዮው ሁሉ አብረው ይፈተናሉ። ረጅም ኩርባ በፍጥነት ሲታጠፍ ዘይቱ ከሞተሩ ሥር ወደ አንድ ጎን ይሸሻል። ፓምፑ ለአፍታ አየር ይስባል። ያ አፍታ ክራንክ ሻፍቱን ለማድረቅ በቂ ነው። በዕለቱ ምንም አይሰማም። በኋላ ግን ከሥር ኳ ኳ ኳ የሚል ድምፅ ይጀምራል፣ ከዚያ በኋላ ያለው ሞተር ማውረድ ነው። የሞተር ዘይት ልኩ ድረስ መሞላት ያለበት ለዚህ ነው፤ ከትራክ መልስም የኪሎ ሜትሩን ጊዜ ሳይጠብቁ መቀየር አለበት። ነዳጁን አንቆጥረውም፤ በከተማ ከለመዳችሁት ሁለትና ሦስት እጥፍ ይሄዳል።

የኤሌክትሪክ መኪና የያዛችሁም ጠይቃችኋል። ፍሬኑን በከፊል ሞተሩ ስለሚያግዘው ሸራው ይቆጥባል፣ እውነት ነው። ነገር ግን ባትሪው ከባድ ነው፤ ጎማ ይበላል። ባትሪው ሲግል ደግሞ መኪናው ራሱን ለመጠበቅ ጉልበት ይቀንሳል።

ሌላው ሒሳብ መኪናው ቢበላሽስ የሚለው ነው። እዚህ አገር የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ተከልክሏል። አሁን በእጃችሁ ያለችው ቪትዝ ወይም ኮሮላ ብትጎዳ እንደ ድሮው "ሌላ አስመጣለሁ" የሚባል ነገር የለም። መለዋወጫውም ቢገኝ በዋጋ፣ ባይገኝ በጥበቃ ነው። መኪናዋ እንጀራችሁ ከሆነች የቆመችበት እያንዳንዱ ቀን ወጪ ነው። ይህን ማንም ከመግቢያ ዋጋው ጋር አይደምረውም።

እዚህ ላይ ለወጣት ደንበኞቻችን በግልጽ የምንለው አለን። ለሐረጎ መንገድ እሽቅድምድም ብለን መኪና አናዘጋጅም። ገንዘብ ቢጨመርም አናዘጋጅም። ትራክ ላይ ሁሉም የሚነዳው በአንድ አቅጣጫ ነው። ኩርባው ላይ ስትስቱ የምትንሸራተቱበት ባዶ ሜዳ አለ፣ ባንዲራ የሚያወዛውዝ ሰው አለ፣ አምቡላንስ ቆሞ ይጠብቃል። ሐረጎ ላይ ከፊታችሁ የሚመጣው ጭነቱን የያዘ ሲኖትራክ ነው። ባጃጅ አለ፣ ከብት የሚነዳ ልጅ አለ፣ በክረምት ደግሞ አፍንጫችሁን የማያሳይ ጉም አለ። ከጠርዙ ማዶ ያለውንም ታውቁታላችሁ። የምንወዳችሁ ልጆቻችን ናችሁ፣ አባቶቻችሁም ደንበኞቻችን ናቸው። አትጠይቁን።

ትክክለኛ ትራክ ላይ ሊነዳ ለተነሳ ሰው ግን የምናውቀውን እንሰጣለን፣ ለዚህ አብሽሩ። ከመግባቱ በፊት የፍሬን ዘይቱን ሙሉ በሙሉ በአዲስ ይቀይር። ሸራው ከግማሽ በታች ከሆነ አይግባ። የጎማ ዳዶዎችን በመለኪያ ቁልፍ ያጥብቅ፣ ከመጀመሪያው ዙር በኋላም ደግሞ ይያቸው። ከመኪናው ውስጥ ክሪክ፣ ጠርሙስ፣ የሚንከባለል ነገር ሁሉ ይውጣ፤ ከፔዳል ሥር የገባ የውሃ ጠርሙስ ሰው ገድሏል። የመጨረሻውን ዙር ፍሬን ሳይነካ ቀስ ብሎ ይንዳ፣ እንዲቀዘቅዝ ነው። ካቆመ በኋላ የእጅ ፍሬን አይሳብ፤ የጋለ ሸራ የጋለ ዲስክ ላይ ተጣብቆ ያበላሸዋል። ማርሽ አስገብቶ ጎማው ሥር ድጋፍ ያድርግ።

ይህ የመጨረሻው ለእናንተም ነው። ሐረጎን ወርዳችሁ ኮምቦልቻ እንደገባችሁ በቀጥታ ላቫጆ አትግቡ። የጋለ ዲስክ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ሲረጭ ዲስኩ ሊጣመም ይችላል፣ ከዚያ ፍሬን ስትይዙ መሪው ይንቀጠቀጣል። ቡና ጠጥታችሁ ግቡ። ስትወርዱም በወጣችሁበት ማርሽ፣ በሁለተኛ ወይም በሦስተኛ ውረዱ። ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ ማርሽ አውጥቶ መውረድ የፍሬኑን ሥራ በሙሉ ለሸራው መጣል ነው፤ በዚያ የሚተርፈው ነዳጅ የአንድ ሸራ ዋጋ አይሞላም።

የፍሬን ዘይት፣ የሸራና የጎማ ፍተሻ ለነባር ደንበኞቻችን በነፃ ነው። መኪናውን ጠዋት፣ ሞተሩም ጎማውም ሳይሞቅ አምጡት፤ የጎማ ንፋስ በትክክል የሚለካው ያን ጊዜ ነው። የፍሬን ዘይቱ መቼ እንደተቀየረ የሚያሳይ ደረሰኝ ካላችሁ ይዛችሁ ኑ። ውጭ ያለ ዘመዳችሁ የሸራውንና የጎማውን ትከሻ በደንብ የሚያሳይ ፎቶ በቴሌግራም ከላከላችሁ አሳዩን፣ አይተን የሚመስለንን እንነግራችኋለን። ዓርብ በጁምዓ ሰዓት ዝግ ነን፣ ከሰዓት እንከፍታለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የጋራዡ ባለቤትና ሠራተኞች
ኮምቦልቻ