ለላም ተብሎ የቆየ አረም ሽንኩርቱን ይበላዋል

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

በጣና ዳርቻ ቀይ ሽንኩርት በመስኖ ከሚያለሙት አንዳንዶቹ አረሙ ለመኖ እስኪደርስ ያቆዩታል። የመኖ ችግሩ ይገባናል፤ ያ ሸክም ሣር ግን ከኮረቱ፣ ማለትም ከሽንኩርቱ ራስ፣ የተነጠቀ ነው።

ጎመንና ቲማቲም ቅጠላቸው ሲሰፋ መሬቱን ያለብሱታል፣ ከሥር የበቀለውም ብርሃን ያጣል። የሽንኩርት ቅጠል ቀጥ ያለና ቀጭን ስለሆነ እስከ መጨረሻው መሬት አይሸፍንም። ሥሩም አጭር ነው፤ አሉማና መጭ የተባሉት አረሞች ውሃውንም ዩሪያውንም ይቀድሙታል። ጉዳቱ የሚብሰው ችግኙ ከተዛወረ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ 6 እስከ 8 ሳምንታት ነው። የኮረቱ ልባስ የቅጠሉ ግርጌ ነውና በዚያ ጊዜ ቅጠል ያላበዛ ሽንኩርት ኋላ ማሳው ቢጸዳለትም ኮረቱ ትንሽ ሆኖ ይቀራል።

ስለዚህ ሥራው ከተከላ በፊት ይጀምር። መደቡ ተዘጋጅቶ ውሃ ይጠጣ፤ ከ10 እስከ 14 ቀን ቆይቶ የበቀለው አረም ከ5 ሳንቲ ሜትር ሳይጠልቅ ይኮትኮት። ጠልቆ ከተቆፈረ ከታች የተኛው ዘር ወደ ላይ ወጥቶ እንደገና ይበቅላል። ከተዛወረ በኋላ አንደኛው አረም ከ15 እስከ 20 ቀን፣ ሁለተኛው ከ35 እስከ 40 ቀን ባለው ጊዜ ይታረም። ሁለተኛው ዙር ዩሪያ የሚሰጠው ከዚህ አረም በኋላ ነው፤ ቀድሞ ከተበተነ አረሙን መቀለብ ነው። ኮረቱ ማበጥ ከጀመረ ወዲህ በእጅ ብቻ ይነቀል፤ መኮትኮቻ ያቆሰለው ኮረት ሲከማች ይበሰብሳል።

የፎገራን ጥቁር አፈር የሚያውቅ ሰው ቀኑን ይመርጣል። እርጥብ ሳለ መሣሪያ ላይ ይጣበቃል፣ ሲደርቅ ደግሞ የአረሙ ሥር መሬት ውስጥ ተበጥሶ ይቀራል፤ ውሃ ከጠጣ ከ2 ወይም 3 ቀን በኋላ ይመቻል። የውሃ አንቁር ቁራጩ ዳግም ሥር ስለሚሰድ ከማሳው ይውጣ። እንግጫ ግን በመንቀል አይጠፋም፤ ቅጠሉ ተበጥሶ በሥሩ ላይ የሚቋጥረው ፍሬ ከመሬት ይቀራል። በበጋ ደጋግሞ አርሶ ፍሬውን ለፀሐይ ማስጣት፣ በሰብሉ ወቅትም አዲስ ፍሬ ሳይቋጥር በየ2 ሳምንቱ መኮትኮት ያዳክመዋል።

ዘር ያፈራ አረም ለከብት ሲሰጥ ሌላም መዘዝ አለው። የአሉማ ዘር በከብት ሆድ ሙሉ በሙሉ አይሞትም፤ እበቱ ሳይብላላ ማሳ ላይ ከተበተነ እንደ መዝራት ነው። ተከምሮ እስኪግል ይቆይ፣ እየተገላበጠም ይብላላ። መኖውንስ? በቦዩ ዳርና በማሳው ጠርዝ ደሾ ሣር ተተክሎ ቢታጨድ ላሚቱም ትጠግባለች፣ መደቡም ለሽንኩርቱ ይለቀቃል።

ከባሕር ዳር