ጉዳዩ፦ በጭቃ ጫማ የተሰጠን አገልግሎት ይመለከታል

ለዕፅዋት ጤና አገልግሎት ክፍል ኃላፊ

እንደምን ሰነበታችሁ። የአቮካዶዎቼን የሥር መበስበስ ታሪክ ከሀ አልጀምርም፤ መዝገባችሁ ላይ አለ። ስደውል "ነገ እንመጣለን" እየተባልኩ የከረምኩትንም ልተወው። የምጽፈው ባለሙያችሁ በስንት ልመና መጥቶ ስለሠራው ሥራ ነው።

ቃላችሁ እንዲህ ነበር። ሥራው ከጤነኞቹ ዛፎች ይጀምራል፤ የታመሙት መጨረሻ ላይ ይታያሉ። ጫማና መሣሪያ ይታጠባል። ምክንያቱን ያስረዳኝም የእናንተው ሰው ነው። ሥሩን የሚያበሰብሰው ፋይቶፍቶራ የሚባለው ተሕዋስ እርጥብ አፈር ውስጥ የሚዋኝ ዘር አለው፤ ከጭቃ ጋር ተለጥፎም ከዛፍ ዛፍ ይሄዳል አለኝ።

ባለሙያው ግን እንደደረሰ በቀጥታ የታመሙት ጋ ሄደ። በዶማ አፈሩን ገለጥ ገለጥ አደረገ። ቀጫጭኖቹ ሥሮች ጠቁረዋል፤ ነካ ሲያደርጋቸው ቅንጥስ ይላሉ። እስከዚህ ምንም አልልም። ከዚያ ያንኑ ዶማ ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ፣ ጭቃው ጫማው ላይ እንደተጋገረ፣ ወደ ጤነኞቹ መስመር ገባ።

"ወንድሜ፣ እባክህ መጀመሪያ ታጠብ፤ ውሃውም በረኪናውም ይኸው" አልኩት።

ዞር ብሎ አየኝና "ዛፍ እኮ ነው፤ ኦፕሬሽን ክፍል አስመሰሉት!" አለኝ። ሳቀብኝም። ዶማውን እዚያው ጤነኛው ዛፍ ሥር ሰካው።

ይቅርታ አድርጉልኝና፣ እኔን አላሳቀኝም። ይህ በሽታ አንዴ አፈር ውስጥ ከገባ ለዓመታት ይቆያል። በመድኃኒት ይታፈናል እንጂ ከአፈሩ ጨርሶ አይጠፋም።

ካነሳሁት አይቀር፣ ቅጠል ላይ የመዳብ መድኃኒት ረጭታችሁ አስከፍላችሁኛል። የሚበሰብሰው ሥሩ፣ የሚረጨው ቅጠሉ! ግንዱ ላይ ይወጋል ያላችሁት ፎስፎኔት የተባለው መድኃኒትስ የት ደረሰ? የወሰዳችሁት የአፈርና የሥር ናሙና ውጤትስ? ደረሰኙ ሲሆን በዕለቱ ነው የመጣው።

ስለዚህ የላቦራቶሪውን ውጤት በጽሑፍ ላኩልኝ። ሌላ ባለሙያ ይምጣ። የተረገጠውን መስመርም በራሳችሁ ወጪ እየተከታተላችሁ መርምሩ። ስጀምር ይቅርታ ከጠየቃችሁኝ ይበቃኛል ብዬ ነበር፤ እየጻፍኩ ስሄድ ግን የባሰ ተናደድኩ። የርጭቱም ገንዘብ ይመለስልኝ። በዚህ ሳምንት ውስጥ የጽሑፍ መልስ ካልደረሰኝ ውሉን አቋርጬ ለሚመለከተው አካል አመለክታለሁ። በስልክ "ነገ" የሚል መልስ አልቀበልም።

ከሰላምታ ጋር
የአቮካዶ እርሻው ባለቤት