የሶንግክራን ዕረፍት ይራዘም? ለታይላንድ ካቢኔ ጽሕፈት ቤት የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለታይላንድ ጠቅላይ ሚኒስትር ጽሕፈት ቤት
ለካቢኔ ጽሕፈት ቤት
ባንኮክ

ጉዳዩ፦ የ2027 የሶንግክራን ዕረፍትን ይመለከታል

ክቡራን ሆይ፣

በ2027 ሶንግክራን፣ የታይላንድ የአዲስ ዓመት የውኃ በዓል፣ ማክሰኞ ኤፕሪል 13 ገብቶ ሐሙስ ኤፕሪል 15 ይወጣል (ቀንና ዓመቱ በሙሉ እ.ኤ.አ. ነው)። ሰኞ 12 እና ዓርብ 16 ከወዲህና ከወዲያ ተንጠልጥለው የቀሩ የሥራ ቀናት ናቸው። ሁለቱም ቢዘጉ አገሩ ከቅዳሜ 10 እስከ እሑድ 18 ዘጠኝ ቀን በተከታታይ ያርፋል። ባለሆቴሉ «ሁለቱንም ዝጉልን» ይላል፤ ባለፋብሪካው «አንዱንም አትንኩ» ይላል። የቀን ሠራተኛው ደግሞ የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ይከፈልበታል ወይ?»

የእኛ ሐሳብ ከሁለቱም ይለያል። የመንግሥት ሠራተኛው ለሁለት ይከፈል፤ ግማሹ ሰኞ 12ን፣ ግማሹ ዓርብ 16ን ይረፍ። የመጀመሪያው ቡድን ከቅዳሜ 10 እስከ ሐሙስ 15፣ ሁለተኛው ከማክሰኞ 13 እስከ እሑድ 18 ያርፋል፤ ለእያንዳንዱ ስድስት ስድስት ቀን ይደርሰዋል። መሥሪያ ቤቶች ግን ከሦስቱ የበዓል ቀናት ውጭ አይዘጉም። ወንድምና እህት በተለያየ ቡድን ቢመደቡም ከ13 እስከ 15 እቤት አብረው ናቸው፤ በዓሉም እነዚያው ሦስት ቀናት ናቸው።

ዕረፍቱ ይርዘም የሚሉት ወገኖች ያለ ምክንያት አይደለም የሚናገሩት። ኤፕሪል 13 የአረጋውያን ቀን፣ 14 የቤተሰብ ቀን ነው። ልጅ ወላጆቹ ፊት ተንበርክኮ አበባ የተነከረበትን መዓዛማ ውኃ በመዳፋቸው ላይ ያፈሳል፣ ይቅርታ ይጠይቃል፣ ምርቃት ይቀበላል። ይህ በስልክ አይሆንም። ከባንኮክ ኖንግ ካይ ደግሞ 600 ኪሎ ሜትር ያልፋል፤ በደህናው ቀን እንኳ አውቶቡስ ላይ ሌሊቱን ሙሉ የሚያሳድር መንገድ ነው። ሦስት ቀን የተሰጠው ሰው አንዱን በመሄድ፣ አንዱን በመመለስ ይጨርሰዋል።

ይሁን እንጂ ለሁሉም ሰው አንድ ዓይነት ቀን መጨመር መንገዱን አያቀልለውም። ወደ ኢሳን፣ ወደ ሰሜን ምሥራቁ የአገሪቱ ክፍል፣ የሚሄደው መኪና በአብዛኛው ሳራቡሪን አልፎ በሚትራፓፕ አውራ ጎዳና ወደ ፓክ ቾንግ ይወጣል። ዳገቱ ላይ ከባድ መኪናው ይጎተታል፣ ነዳጅ ማደያ መግቢያው ላይ የተሰለፈው መኪና የግራውን መስመር ይይዛል፣ ከዚያ ወዲያ ወረፋው ወደ ኋላ እየረዘመ ይሄዳል። ኤም 6 የሚባለው አዲሱ ፈጣን መንገድ ከባንግ ፓ ኢን እስከ ናኮን ራቻሲማ 196 ኪሎ ሜትር ሲሆን ብዙ ያግዛል፤ ከናኮን ራቻሲማ ወዲያ ግን ተጓዡ ተመልሶ ያው ሚትራፓፕ ላይ ነው። ሰኞን ለሁሉም ብትዘጉ የሰኞ ማታው መጨናነቅ ወደ ዓርብ ማታ ይዛወራል እንጂ አይቀንስም። በሁለት ቡድን ከሆነ መውጫው ዓርብ 9 እና ሰኞ 12 ማታ፣ መመለሻውም ሐሙስ 15 እና እሑድ 18 ላይ ይከፈላል።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ሠራተኛውን በትውልድ አውራጃው አትክፈሉት። «የኢሳን ልጆች በመጀመሪያው፣ የሰሜን ልጆች በሁለተኛው» ማለት ለአስተዳደር ይመቻል፤ ውጤቱ ግን የሚትራፓፕን ተጓዥ በሙሉ በአንድ ምሽት ማውጣት ነው። ክፍፍሉ በየክፍሉ ውስጥ ይሁን፤ ባልና ሚስት ሁለቱም የመንግሥት ሠራተኞች ከሆኑ አንድ ቡድን ውስጥ ይግቡ።

የክፍፍሉ ደካማ ጎን ይታየናል። ሰኞ ዕለት መሥሪያ ቤቱ ክፍት ሆኖ ፈራሚው ከሌለ ባለጉዳዩ «ኃላፊው የሉም» ተብሎ ይመለሳል፤ እንዲህ ከሆነ ከተዘጋ ቢሮ በምን ይሻላል? ስለዚህ እያንዳንዱ ኃላፊ በማይገኝበት ቀን ማን እንደሚፈርምለት በጽሑፍ ወክሎ ይሂድ፤ የተወካዩም ስም በር ላይ ይለጠፍ። በመንግሥት ሆስፒታሎች ተመላላሽ ክፍል ደግሞ ሐኪሞቹ በየትኛው ቀን እንደሚገኙ ቀጠሮ ሲሰጥ መታወቅ አለበት። የኩላሊት እጥበት በሳምንት ሁለትና ሦስት ጊዜ የሚደረግ ነው፤ በዓል አያውቅም።

ስለ መንገድ አደጋው በሁለቱም ወገን የሚነገረውን በጥንቃቄ እንድትሰሙ እንለምናለን። «ሰባቱ አደገኛ ቀናት» በሚባለው የበዓሉ ሰሞን የትራፊክ ደኅንነት ዘመቻ የተመዘገበው ሞት በ2023 264፣ በ2024 287፣ በ2025 253 ነው። በ2024 ዓርብ ኤፕሪል 12 ልዩ ዕረፍት ሆኖ ተጨምሮ ነበር፤ ይህን ይዞ «ዕረፍት መጨመር ሰው ገደለ» የሚል አለ። ማስረጃ አይሆንም። በ2025ም ቅዳሜው ተቆጥሮ፣ እሑድ የዋለው በዓል በረቡዕ ተተክቶ፣ ዕረፍቱ ያው አምስት ቀን ነበር፤ ሞቱ ግን ቀንሷል። ቆጠራው ራሱ ሰባት ቀን ብቻ ስለሆነ ዘጠኝ ቀን ብታርፉ የዳርና የዳሩ አደጋ ከመዝገቡ ውጭ ይቀራል።

ከቁጥሩ ይልቅ አደጋው የት እንደሚደርስ ማየት ይጠቅማል። በብዛት የሚጋጨው ሞተር ሳይክል ነው፤ መንስኤ ተብለው ከፊት የሚመዘገቡትም ፍጥነትና መጠጥ ናቸው። ሰውየው ረጅሙን መንገድ በሰላም ጨርሶ አገሩ ገብቷል። ቀን ፒክአፕ ላይ በርሜል ጭኖ ውኃ ሲረጭ ይውላል፣ ሲመሽ ጠጥቶ ያለ ሄልሜት የወንድሙን ሞተር ይነሣል፣ ሦስት ኪሎ ሜትር በማይሞላ የመንደር መንገድ ላይ ይወድቃል። ትልቁን መንገድ ማቅለል ለዚህ ሰው ምንም አይፈይድም፤ የተጨመረ ቀን ደግሞ የተጨመረ የመጠጥ ምሽት ነው። በእኛም ሐሳብ ዘመቻው ከዓርብ 9 እስከ እሑድ 18 አሥር ቀን መዝለቅ ይኖርበታል፤ የመንደር ኬላ፣ የአምቡላንስ ተረኛና በጎ ፈቃደኛ አበል ይፈልጋል፣ ወጪ አለው። ያ በጀት ካልተመደበ ቀን አትጨምሩ።

ወደ ክፍያው እንምጣ። በ1998 የወጣው የሠራተኛ ጥበቃ ሕግ አሠሪው በዓመት ከ13 ያላነሱ የበዓል ቀናት አስቀድሞ እንዲያስታውቅ ያዝዛል፤ በእነዚህ ቀናት የቀን ሠራተኛውም ሳይሠራ ይከፈለዋል። በቀን 400 ባት የሚያገኝ ሰው ከ13ቱ በአንዱ ቢሠራ ተጨማሪ 400 ያገኛል፤ ትርፍ ሰዓቱ ሦስት እጥፍ፣ ማለትም በሰዓት 150 ባት ይታሰባል። ካቢኔው በየጊዜው የሚጨምረው ልዩ ዕረፍት ግን የግል አሠሪን አያስገድድም። የመንግሥት ሠራተኛው ደመወዙ ሳይነካ ያርፋል፤ የሥራ ተቋራጩ ሳይቱን ከዘጋ ግን ግንበኛው በተግባር 400 ባቱን ያጣል። ከማያንማር፣ ከላኦስና ከካምቦዲያ የመጣው ሠራተኛማ መብቱን የሚጠይቅበት ቋንቋም የለውም። ስለዚህ ውሳኔው ሲወጣ የሠራተኛ ሚኒስቴር «በዚህ ቀን የዘጋ የግል አሠሪ ሙሉ ክፍያ ይከፍላል፤ ያልዘጋ እንደ መደበኛ ቀን ያሠራል» የሚል ግልጽ መመሪያ በእነዚህ ሦስት ቋንቋዎች ጭምር ያውጣ።

ለቱሪዝም ገቢ ሲባል ዕረፍቱ ይርዘም የሚለው ክርክር ብዙም አላሳመነንም። ዩኔስኮ በዲሴምበር 2023 ሶንግክራንን ከመዘገበ ወዲህ በዓሉን ማስረዘም መልካም ነው የሚለው ስሜት በርትቷል። ውኃው ግን ያለ ካቢኔ ውሳኔም ይረዝማል፦ ባንግ ሴን በ16 እና 17፣ ፓታያ በ18 እና 19 የራሳቸውን የውኃ ቀን ያከብራሉ። የውጭ አገር ጎብኚ የታይላንድ ቢሮ መዘጋቱን አይጠብቅም። የሚጠቀመው የአገር ውስጡ ተጓዥ ነው፤ እሱ ደግሞ ቀኑን ቀድሞ ማወቅ አለበት።

ቀድሞ ማወቅ ላይ ነው ከሁሉም በላይ የምንጸናው። ላም ቻባንግ ወደብ ላይ ያለ ኮንቴነር የነጻ ማቆያ ቀኑ የሚቆጠረው ጉምሩክ ቢሠራም ባይሠራም ነው። የሴራሚክ እቶን ዛሬ ተወስኖ ነገ አይጠፋም፤ ቀስ እያለ ይቀዘቅዛል፣ ቀስ እያለ ይሞቃል። ከአዲስ አበባ ለሕክምና ወይም ለኦፓል ንግድ ባንኮክ የሚመጣው ወገናችንም ይነካል፦ የቪዛ ቀኑ ያለፈበት ሰው በቀን 500 ባት፣ እስከ 20,000 ባት ይቀጣል። ማራዘሚያ የሚጠይቅበት የመጨረሻ ቀን በድንገት ዝግ ከሆነ ምን ይደረጋል? ውሳኔው በልዩ ዕረፍት ቀን ላይ የሚውል የቪዛ፣ የግብርና የፍርድ ቤት ቀነ ገደብ ወደ ቀጣዩ የሥራ ቀን እንደሚሸጋገር በአንድ አንቀጽ ይግለጽ።

በ2020 በወረርሽኙ ምክንያት የቀረው ሶንግክራን ወደ ጁላይ 27፣ ሴፕቴምበር 4 እና 7 ሲዛወር አገሩ ተቀብሎ ተስተካክሏል። ቀን ማንቀሳቀስ ትችላላችሁ። የ2027ቱ ውሳኔ፣ የትኛውም ቢሆን፣ እስከ ኦክቶበር 2026 መጨረሻ እንዲወጣና ከዚያ በኋላ እንዳይለወጥ በአክብሮት እንጠይቃለን።

ከሰላምታ ጋር፣
ባንኮክ በጉዞ፣ በጭነትና በሕክምና ቀጠሮ ሥራ ላይ ያለን አማርኛ ተናጋሪዎች

ግልባጭ፦
ለሠራተኛ ሚኒስቴር
ለትራንስፖርት ሚኒስቴር
ለታይላንድ ባንክ
ለኢሚግሬሽን ቢሮ