ደብዳቤ ለልጄ፦ ትልቁ ሽልማት ለምን ለነሱ ተሰጠ?

እሙዬ፣

ካለፈው የሮቦት ውድድር ስንመለስ መንገዱን ሙሉ አኩርፈሽ ነበር። ሜዳ ላይ ያሸነፋችሁት እናንተ፣ ትልቁን ክብር የወሰዱት ግን በጊዜ የተሰናበቱ ልጆች። «ታዲያ እኛን ምን አደከመን?» አልሽ። ያን ዕለት ዝም ያልኩሽ መልስ አጥቼ አይደለም። ስትናደጂ ምክር አይገባሽም፤ በዚህ ቁርጥ እናትሽን ነሽ። አሁን ንዴትሽ በርዷልና ልጻፍልሽ።

አንድ ግጥሚያ ሁለት ደቂቃ ተኩል ገደማ ነው። በየዓመቱ ጃንዋሪ ላይ ደግሞ አዲስ ጨዋታ ይወጣል። ስንት ሌሊት ያመሻችሁበት ሮቦት ለከርሞው ውድድር አይሆንም። ክንዱ ይፈታል፣ ሞተሩ ይወጣል፣ የተረፈው ጥግ ይቆማል። ትልቁ ሽልማት ዕድሜው አንድ ወቅት ለሆነ ዕቃ ቢሰጥ ነበር እኔን የሚገርመኝ።

ውድድሩን የጀመረው ዲን ኬመንም ያሰበው ይህንኑ ይመስለኛል። ሰውየው የፈጠራ ሰው ነው። ፈርስት የሚባለውን ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1989 አቋቋመ። በ1992 የመጀመሪያው ውድድር ኒው ሃምፕሸር ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የስፖርት አዳራሽ ተካሄደ። የተወዳደሩት 28 ቡድኖች ነበሩ። ዛሬ የዓለም ሻምፒዮናው የሂውስተንን የስብሰባ ማዕከል ይሞላል። ከሁሉም በላይ የሚባለው ሽልማት ድሮ ቼርማንስ አዋርድ ነበር ስሙ፤ ከ2023 የውድድር ዘመን ወዲህ ኢምፓክት አዋርድ ሆኗል። በሻምፒዮናው ይህን ያገኘ ቡድን ስሙ በፈርስት የክብር መዝገብ ላይ ይሰፍራል። ለሌሎች ቡድኖች አርአያ የሆነው ማነው? የሚፈልጉት ይህን ነው።

አርአያ ማለት ቀላል ነው፤ ምን እንደሚመስል ግን እዚያው ቆሜ አየሁት። አንቺ ሜዳ ላይ ሳለሽ እኔ ቡድኖቹ ሮቦታቸውን በሚጠግኑበት ቦታ ወዲያ ወዲህ እል ነበር። (ያን የመከላከያ መነጽር አድርጌ ፎቶ ያነሳሽኝን ለማንም እንዳታሳዪ።) ዳኞቹ እነዚያ ሽልማቱን የወሰዱት ልጆች ጋ ሲደርሱ አጠገባቸው ነበርኩ። አንደኛዋ ዳኛ ለቡድን መሪዋ ስለ ክንዱ ጥያቄ አቀረበች። ተመራቂ ልጅ ናት፣ ሁሉንም ታውቃለች፣ ያስታውቅባታል። ግን አልመለሰችም። «እሱን የሠራው ይሄ ልጅ ነው» ብላ ወደኋላ ፈቀቅ አለች። ከኋላዋ አንድ ቀጭን የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ወጣ። መነጽሩ አፍንጫው ላይ አልቆምለት ብሎ እየገፋ፣ ካቴናውን ትተው በቺንጋ ለምን እንደቀየሩት አስረዳ። የበፊቱ እየላላ ነጥብ እንዳስጣላቸውም አልደበቀም። የተሰበረችውን ቁራጭ ከሳጥን አውጥቶ አሳየ። መካሪያቸው የት ነበር መሰለሽ? ጥግ ላይ ሳንድዊቹን ይበላል።

እናንተ ጋ የመጡ ጊዜም ነበርኩ። ዳኛው ትንሹን ልጅ ሲጠይቀው ልጁ አንቺን አየ። አንቺም መለስሽለት። መልስሽ እንከን የለውም፣ እኔም ኮርቻለሁ። ዳኛው ግን የጠየቀው አንቺን አልነበረም።

ሌላም አለ። ከሰዓት በኋላ በድምፅ ማጉያው አንድ ቡድን መለዋወጫ እንደቸገረው ተነገረ። ቀድመው የደረሱት እነዚሁ ልጆች ናቸው። ቀጣዩ ግጥሚያቸው ከማን ጋር ነው? ከዚያው ከተቸገረው ቡድን ጋር። ዕቃውን ሰጥተው ዞር አላሉም፤ አንዱ እስኪገጠም ፒንሳውን ይዞ ቆየ። ከዚያ ሄደው ተሸነፉ። ነፍሱን ይማረውና የኤምአይቲው መምህር ዉዲ ፍላወርስ ይህን ውድድር ሲቀርጽ ያስተማረው እንዲህ ያለውን ነው፤ እስከ ጥግ ተፎካከሩ፣ ግን ተከባበሩ። ዳኞች በየመሀሉ የሚዘዋወሩት ይህንን በዓይናቸው ሊያዩ ነው እንጂ ብሎን ሊቆጥሩ አይደለም።

ለዚሁ ሽልማት ያዘጋጃችሁትንም ጽሑፍ አነበብኩት፤ ጠረጴዛ ላይ ትተሽው ነበር። ብዙ ሺህ ሰው ጋ ደረስን የምትሉት ነገር አልጣመኝም። የገበያ ማዕከል ውስጥ ጠረጴዛ ዘርግታችሁ ያለፈ ያገደመውን ሁሉ ነው የቆጠራችሁት። እኔም ቡና ልገዛ ሳልፍ ሳልቆጠር አልቀረሁም። ድርጅቱ ቡድን መሠረትን ማለትና ቡድን አገዝን ማለት የሚለዩበትን መስፈርት ጽፎ አስቀምጧል፤ ዳኞችም ማስረጃ ይጠይቃሉ። ይልቅ ሲልቨር ስፕሪንግ ስላሉት የአማርኛ ትምህርት ልጆች ለምን አንድ መስመር ብቻ ጻፋችሁ? ቅዳሜ ቅዳሜ በሌጎ ሮቦት ስታስተምሪያቸው አይቻለሁ። ያቺ ባለ ሹሩባዋ ሮቦቷ ግድግዳ ሳይነካ ሲቆምላት እንዴት እንደጮኸች ታስታውሻለሽ? አሁን እሷ ራሷ ታናሽ ወንድሟን ታስተምራለች፣ እናቷ ነገረችኝ። ይህ አንድ ገጽ ይገባዋል።

ጓደኛሽ ደግሞ የአፍጋኒስታን ሴት ልጆችን አንስታ «የእኛም ቤተሰቦች ስደተኞች ናቸው፣ ያንን እንናገር» ብላለች አልሽኝ። በ2017 እዚሁ ዋሽንግተን በተካሄደው፣ የየአገሩ ልጆች በሚገናኙበት የፈርስት ግሎባል የሮቦት ውድድር ላይ የነበሩትን ማለቷ ነው። ቪዛ ሁለት ጊዜ ተከልክለው፣ በመጨረሻው ሰዓት ተፈቅዶላቸው መጡ፤ በድፍረታቸውም የብር ሜዳልያ ተሸለሙ። ይገባቸዋል። ግን ልጆቹ ሮቦት ሠርተው ነው የመጡት፤ ችግራቸውን ብቻ ይዘው አይደለም። የኔና የእናትሽን ታሪክ ከፈለግሽ ተናገሪ፣ አናፍርበትም። ለማሳዘን ብለሽ ግን እንዳታወጪው። ዳኞች ያዝኑና ሽልማቱን ለሌላ ይሰጣሉ።

አሁን ወደ ሥራው። ለዚህ ሽልማት ዳኞች ፊት የምትቀርቡት ቢበዛ ሦስት ተማሪዎች ናችሁ። ለማቅረቢያ የሚሰጣችሁ ጊዜ እስከ 7 ደቂቃ ነው፤ ከዚያ ጥያቄ ይከተላል። ሦስታችሁም ተመራቂዎች ከሆናችሁ እኔ ዳኛ ብሆን የሚመጣብኝ ጥያቄ አንድ ነው፤ ከርሞ እዚህ ማን ይቆማል? ያን ዳኛው ሲጠይቀው አንቺን ያየውን ትንሹን ልጃችሁን አስገቡት። ይንተባተባል ብለሽ አትፍሪ። ከአሁን ጀምሮ ኮዱን ክፈችለትና አጠገቡ ተቀመጪ፤ ኪቦርዱን ግን እንዳትነኪ። ይህ ላንቺ ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ሳህን እንኳ በትክክል አልታጠበም ብለሽ ከእጄ የምትቀሚ ልጅ ነሽ።

ማክሰኞ ማታ ሁለቱን ይዘሻቸው ነይ። እራት አለ። ሳሎን ቆማችሁ ታቀርባላችሁ፣ ሰዓት የምይዘው እኔ ነኝ። ዳኛዋ እናትሽ ናት። ጥያቄዎቿን ከአሁኑ አዘጋጅታለች፤ የመጀመሪያው «አንቺ ኮሌጅ ስትገቢ ሮቦቱ ቢበላሽ ማንን እንጥራ?» የሚል ነው። ሌሎቹን ለእኔም አላሳየችኝም።

አባትሽ